የፊልሟ ላይብረሪያን ለምን ቆማ ቀረች?

በ1946 የወጣ አንድ የአሜሪካ ፊልም አለ፤ «ኢትስ ኤ ዋንደርፉል ላይፍ» ይባላል። (ካልገለጽኩ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በፈረንጅ ገና ሰሞን በየቴሌቪዥኑ ስለሚደጋገም አሜሪካ የኖረ አበሻ ወዶም ሆነ ሳይወድ ሳያየው አይቀርም። ጆርጅ የሚባል ሰው ኑሮ ያንገሸግሸውና «ምነው ባልተወለድኩ» ይላል። ጠባቂ መልአኩ ክላረንስ ምኞቱን ይሞላለታል። እሱ ያልተወለደባትን ከተማ ያሳየዋል። ወንድሙ በልጅነቱ በረዶ ውስጥ ሰጥሞ ሞቷል። ከተማዋ የመጠጥና የቁማር ቤት መናኸሪያ ሆናለች። እናቱ ስታየው አላውቅህም ትላለች። በመጨረሻ ስለ ሚስቱ ስለ ሜሪ ይጠይቃል።

መልአኩ እዚህ ላይ ያቅማማል። የወንድሙን ሞት ሲነግረው እንኳ እንዲህ አላመነታም። ጆርጅ አንቆ ሲይዘው ነው የሚያወጣው። ሜሪ አላገባችም፤ ቆማ ቀርታለች፤ አሁን ላይብረሪውን ልትዘጋ ነው።

ቀጥሎ ሜሪ ስትወጣ እናያለን። መነጽር አድርጋለች። ፀጉሯ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ ታስሯል። ፈራ ተባ እያለች ትራመዳለች። ጆርጅ ሲጠጋት ጮኻ ታመልጣለች። ያገባችው ሜሪ ግን መነጽር የላትም። ባል ማጣት ዓይን ያደክማል እንዴ? ፊልሙ ለዚህ መልስ መስጠት አላስፈለገውም። ተመልካቹ ያቺን ሴት አስቀድሞ ያውቃታል። «ላይብረሪያን» ከተባለለት የቀረውን ራሱ ይሞላዋል።

ስለዚህ ምስል ብዙ ተወርቷል። የሙያው ሰዎች ራሳቸው ለአሥርት ዓመታት ሲያማርሩበት ኖረዋል። ቅሬታው ብዙውን ጊዜ «ሰደቡን» የሚል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ስድቡ አይደለም። ምስሉ ከየት መጣ፣ ምንስ ይሸፍናል የሚለው ነው። ወደ ኋላ ሄደን ብንፈልገው የምናገኘው ደመወዝ መክፈያ መዝገብ ላይ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአሜሪካ ላይብረሪያን ወንድ ነበር። እሱም በቀልድ የሚሣለው መጽሐፉን ለሰው መስጠት የሚያንገበግበው ሽማግሌ ሆኖ ነው። ከዚያ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በየከተማው መከፈት ጀመሩ። ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ ገንዘብ ግን የለም። በ1877 ለንደን ላይ በተደረገ የሙያው ጉባኤ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ጀስቲን ዊንሰር መፍትሔውን በግልጽ ተናገረ። ሴቶች ሥራውን በሚገባ ይችሉታል፤ ለእነሱ በሚከፈለው ገንዘብ ደግሞ እነሱን የሚያህል ወንድ አይገኝም አለ። ንግግሩ በአዳራሽ ውስጥ የቀረበ ሙገሳ ነበር፤ እፍረት የለበትም።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1887፣ ሜልቪል ዱዊ ኮሎምቢያ ኮሌጅ ውስጥ የመጀመሪያውን የላይብረሪያን ትምህርት ቤት ከፈተ። መጻሕፍት በቁጥር የሚደረደሩበትን ሥርዓት ያወጣው ያው ዱዊ ነው። ከመጀመሪያዎቹ 20 ተማሪዎች 17ቱ ሴቶች ነበሩ። የኮሌጁ ባለአደራዎች ሴት እንዳይገባ ቢሉም እሱ በእምቢታ አስገባቸው። ለሴቶች ተሟጋች ነበር እንዳይባል ግን ኋላ ሴቶቹን እየነካካ አስቸገረን የሚል ክስ ቀረበበት። ማኅበሩ በ1905 አካባቢ ገሸሽ አደረገው፤ በ2019 ደግሞ ስሙን ከትልቁ ሽልማቱ ላይ አነሳው። ክሱ ለመቶ ዓመት ያህል የሚታወቅ ነበር።

በዚያ ዘመን በብዙ ከተማ ያገባች ሴት ሥራዋን እንድትለቅ ይጠበቃል። እንግዲህ ሒሳቡን አስሉት። ተቀጣሪዎቹ ሴቶች ናቸው። ካገቡ ይሄዳሉ። ሥራው ላይ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሚቆዩት ያላገቡት ብቻ ናቸው። ደመወዙ ትንሽ ስለሆነ ልብሳቸው ተራ ነው። ፊልም ሠሪው መጥቶ ይህን ሲያይ የቅጥር ደንቡን አላየም። ጠባይ አድርጎ ወሰደው። «ላይብረሪያን የምትሆን ሴት ባል የማታገኝ ዓይነት ናት» ሆኖ ወጣ።

«እሽሽ!» የሚለውም እንዲሁ ነው። ባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ በአሜሪካ ብቻ ከ1,600 በላይ የቤተ መጻሕፍት ሕንፃዎች እንዲሠሩ ገንዘብ ሰጥቷል። ሕንፃውን እንጂ ደመወዙን አይሸፍንም፤ እሱ የከተማው ጣጣ ነው። በ1911 የካርኔጊ ጸሐፊ ጄምስ በርትራም ለከተሞቹ የአሠራር መመሪያ አወጣ። ምክሩ ባጭሩ ሕንፃው አንድ ሠራተኛ መሐል ላይ ሆና ሁሉንም ልትቆጣጠር እንድትችል ሆኖ ይሠራ የሚል ነው። ግድግዳ ይቀነስ፤ ክፍሎቹ ይከፈቱ። አሁን የሆነውን አስቡት። አንድ ሰፊ ክፍል አለ፤ ሕፃኑም፣ ጋዜጣ አንባቢው ሽማግሌም፣ ተማሪውም አንድ ላይ ነው። መሐል ላይ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ተቀምጧል። እዚያ ያለችው ብቸኛዋ ሠራተኛ ዞር ዞር እያለች ካልተቆጣች ማን ይቆጣ? ተቆጪዋን የፈጠራት አንድ ደመወዝ ለማትረፍ የታቀደ ወለል ነው።

ሥራው የተሠራው በቁጠባ ነው፤ ካርቱኑ ግን ቁጠባውን አያሳይም። የሚያሳየው የሴትዮዋን ፊት ብቻ ነው። ሙግቴ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ድግግሞሽ ስለሆነ ቶሎ ልለፈው። በ1984 «ጎስትባስተርስ» ሲጀምር ኒው ዮርክ ላይብረሪ ውስጥ ያለችው የሙት መንፈስ ራሷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «እሽሽ» ትላለች፤ ሞታም ከሥራ አልወጣችም። በ2002ቱ «ስታር ዋርስ» የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ እኛ ጋ ካልተመዘገበ የለም ማለት ነው ብላ ድርቅ ትላለች። ከሌላው ወገን ደግሞ ጀግናዋ አለች። የባትማን ሠፈሯ ባትገርል ቀን ቀን ላይብረሪያን ናት። በ1999 በወጣው «ዘ መሚ» ኤቭሊን በረሃ ላይ ሞቅ ብሏት «እኔ ላይብረሪያን ነኝ!» ብላ ደረቷን ትነፋለች። የሙያው ሰዎች ይህቺን ይወዷታል፤ እኔም ደስ ትለኛለች። ነገር ግን ያቺው ልጅ ፊልሙ ሲጀምር ከመሰላል ላይ ወድቃ የላይብረሪውን መደርደሪያ በሙሉ እንደ ዶሚኖ ትጥለዋለች። ከዚያ በኋላ ጀብዱ ነው። ቆማ ቀሯም ጀግናዋም አንድ የጋራ ነገር አላቸው። ሥራ ሲሠሩ አይታዩም። አንባቢ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ፣ የሚገዛ መጽሐፍ ሲመረጥ፣ ያረጀው ሲወገድ፣ ለበጀት ከከተማ ምክር ቤት ጋር ሲናቆሩ አናይም።

በ2003 ሲያትል ያለ አንድ የመጫወቻ ኩባንያ የላይብረሪያን አሻንጉሊት አወጣ። ሞዴሉ በሕይወት ያለች ሰው ናት፤ ናንሲ ፐርል የምትባል የሲያትል ላይብረሪያን። ይህች ሴት በ1998 «መላው ሲያትል አንድ መጽሐፍ ቢያነብስ?» የሚል ፕሮግራም ጀምራ ሐሳቡን ብዙ ከተሞች የቀዱላት ሰው ናት። አሻንጉሊቷ ጀርባ ላይ ያለውን ቁልፍ ስትጫኑት ምን የምታደርግ ይመስላችኋል? እጇን አንሥታ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች። ገሚሱ ላይብረሪያን ተናደደ፣ ገሚሱ ገዝቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ከተማን ማስነበብ ለአሻንጉሊት ቁልፍ አይመችም መሰለኝ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ፊልም ሊያወድሳቸው ተነሥቶ የሚያደርገው ነገር ነው። ሩት ብራውን የምትባል ሴት ኦክላሆማ ውስጥ ባርትልስቪል በምትባል ከተማ ለ30 ዓመት ላይብረሪያን ነበረች። አላገባችም። ጥቁሮችና ነጮች በተለያዩበት በዚያ ዘመን በከተማዋ የዘር እኩልነት ቡድን ከመሠረቱት አንዷ ናት። ከሁለት ጥቁር መምህራን ጋር ሆና መድኃኒት ቤት ውስጥ ያለ ምግብ ቤት ገብታ አስተናግዱን አለች። ብዙም ሳይቆይ በ1950 ከሥራ ተባረረች። የተባረረችው ግን «ጥቁሮችን አስከትለሽ» ተብሎ አይደለም። ላይብረሪው ውስጥ ኮሚኒስት መጽሔት አስቀምጠሻል ተባለች።

ሆሊውድ ታሪኩን ሰምቶ በ1956 «ስቶርም ሴንተር» የሚባል ፊልም ሠራ፤ ቤቲ ዴቪስ ተወነችበት። የአሜሪካ የኮሚኒስት አደና በጦፈበት ዘመን ይህን ማድረግ ድፍረት ነው፤ ሊካድ አይገባም። ሆኖም ሁለት ነገር ቀየሩ። አንደኛ፣ የዘሩ ጉዳይ ወጣና ነገሩ ሁሉ ስለ አንድ የኮሚኒስት መጽሐፍ ሆነ። ከሳሾቿ ሽፋን ያደረጉትን ፊልሙ ዋና ምክንያት አደረገው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ያላገባችውን ሴት ባሏ የሞተባት አደረጓት። የምትከበር ላይብረሪያን ለማሳየት የሞተም ቢሆን ባል መስጠት ነበረባቸው።

ሥራውን በትክክል ያሳየ ፊልም ካላችሁኝ አንድ እጠራለሁ፤ የ1957ቱ «ዴስክ ሴት»። ካትሪን ሄፕበርን የአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ የመረጃ ክፍል ኃላፊ ናት። አራት ሴቶች ቀኑን ሙሉ ስልክ እያነሡ ጥያቄ ይመልሳሉ። አንዱ ስለ አባ ገና አጋዘኖች ስም ይጠይቃል፣ ሌላው ስለ ግጥም፣ ሌላው ስለ ስፖርት ውጤት። ገሚሱን በቃላቸው ያውቁታል፤ ሌላውን የትኛው መጽሐፍ ላይ እንደሚገኝ ያውቃሉ። አንድ ቀን ስፔንሰር ትሬሲ ሜትር ይዞ መጥቶ ክፍሉን መለካት ይጀምራል። ለምን እንደሆነ አይናገርም። ሴቶቹ ግን ገባቸው፤ ኮምፒውተር ሊያስገባ ነው፣ እኛ ልንባረር ነው።

ማሽኑ ኤመራክ ይባላል። ግድግዳ የሚያህል ነው፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። አንድ ሰው ስለ ኮርፉ ደሴት ይጠይቃል። በእንግሊዝኛ ኮርፉ እና ሰዓት እላፊ የሚለው ቃል አፍ ላይ ይቀራረባሉ። ማሽኑ ስለ ሰዓት እላፊ የተጻፈ ረጅም ግጥም ስንኝ በስንኝ ማተም ይጀምራል፤ አቁም ቢሉት አያቆምም። ደመወዝ ክፍል ያለው መሰል ማሽን ደግሞ ተሳስቶ ለመላው የኩባንያው ሠራተኛ የስንብት ወረቀት ያድላል። ፊልሙ መጨረሻ ላይ ማንም እንደማይባረር፣ ማሽኑም ለእገዛ እንደመጣ ይነገረናል። ለዚህ ማጽናኛ አይቢኤም ትብብር ማድረጉ ፊልሙ ሲጀምር ስለተጻፈ እሱን በጥርጣሬ ነው የማየው።

የኮርፉ ነገር ግን አላረጀም። በግንቦት 2025 «ቺካጎ ሰን ታይምስ» የበጋ ንባብ ዝርዝር ይዞ ወጣ። 15 መጻሕፍት ተዘርዝረዋል። ከእነሱ ውስጥ በእውን ያሉት አምስት ብቻ ናቸው። የቀሩትን አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ነው የፈጠራቸው። ደራሲዎቹ እውነተኛ ናቸው፤ ኢዛቤል አየንዴም አለችበት። መጽሐፉ ግን የለም። ይዘቱን ያዘጋጀው ሌላ አቅራቢ ነው፤ ጋዜጣውም ሳያየው አተመው። መጽሐፉ አለ ወይስ የለም ብሎ ካታሎግ መክፈት የአንድ ላይብረሪያን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ያንን አምስት ደቂቃ የሚያሳይ ፊልም ስለሌለ ሰው ሥራ መሆኑንም አያውቅም። «ጉግል እያለ ላይብረሪያን ምን ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው። ላይብረሪያን ማለት ጸጥታ አስከባሪ ከሆነ ጥያቄው ልክ ነው።

ምስሉ ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው በዚያው ወር ዋሽንግተን ላይ ታየ። ካርላ ሄይደን ከ2016 ጀምሮ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበረች፤ በቦታው የመጀመሪያዋ ሴትና የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት። ቀድሞ ባልቲሞር ውስጥ የከተማውን ላይብረሪ ስትመራ፣ በ2015 ፍሬዲ ግሬይ በፖሊስ እጅ ሳለ ጉዳት ደርሶበት ሲሞትና ከተማዋ ስትናወጥ የሠፈሩን ቅርንጫፍ ክፍት አድርጋ አቆይታለች። ከመስከረም 11 ጥቃት በኋላም የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ፕሬዝዳንት ሆና መንግሥት ሰው ምን እንዳነበበ ለማየት ያገኘውን ሥልጣን ተቃውማለች። እሽሽ የምትል ዓይነት እንዳልሆነች ከዚህ ይታያል። ግንቦት 8 ቀን 2025 በኢሜይል ተሰናበተች።

የዋይት ሐውስ ቃል አቀባይ ካሮላይን ሌቪት ምክንያቱን ስትጠየቅ ከጠቀሰቻቸው አንዱ ለሕፃናት የማይገቡ መጻሕፍት ላይብረሪው ውስጥ አስገብታለች የሚል ነበር። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሠፈር ላይብረሪ አይደለም። ልጅ መጽሐፍ ተውሶ ወደ ቤቱ አይሄድበትም። የአንባቢ ካርድ ለማውጣት እንኳ 16 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። የምክር ቤት አባላትን በጥናት ያግዛል፤ የቅጂ መብት ለማስመዝገብ የሚገባውን ይቀበላል፤ ከዚያም መርጦ ያስቀምጣል። ያሰናበታት ፕሬዝዳንት ትራምፕ እንዲህ ያሉ ሹሞችን የማንሳት መብት አለው የለውም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። እኔ የማየው ግን ምክንያቱ የተነገረበትን ሥዕል ነው። ያ ሥዕል የልጆች መደርደሪያና ቆማ የቀረች አክስት ሥዕል ነው። በፊልም የለመድነው።

ሠፈር ላይ ሲወርድ ደግሞ የከፋ ነው። ማኅበሩ እንደመዘገበው በ2023 ብቻ 4,240 የተለያዩ መጻሕፍት ከመደርደሪያ ይውረዱ ተብለዋል። ጥያቄው የሚመጣው ለአንዲት የትምህርት ቤት ወይም የሠፈር ላይብረሪያን ነው። ለምን መረጥሽው ስትባል መልስ አላት፤ መምረጥ የተማረችው ሥራ ነው። ሰሚው ግን መጻሕፍቱ ራሳቸው መጥተው የተደረደሩ ይመስለዋል።

እኛ ጋ ቆማ ቀሯ ላይብረሪያን የለችም። ያለን ሌላ ነው። ቦርሳህን አስቀምጥ የሚል፣ መታወቂያ ይዞ የሪዘርቭ መጽሐፍ ለሁለት ሰዓት የሚሰጥ፣ ሰዓቱ ሲያልፍ የሚቆጣ ሰው። ከዘበኛ ለይቶ የሚያየው ጥቂት ነው። ላይብረሪ ማለትም ለብዙዎቻችን ችከላ ቦታ ነው። ደብተር ጥሎ ወንበር ይያዛል፤ የራስን ሃንድአውት ይዞ ተገብቶ የራስን ሃንድአውት ይዞ ይወጣል። ዜናውም ይህንኑ ይመስላል። አራት ኪሎ ላይ አብርሆት በ2014 ዓ.ም. ሲመረቅ የሰማነው ስለ ሕንፃው፣ ስለ መቀመጫው ብዛትና በዘመቻ ስለተሰበሰበው መጽሐፍ ነው። ሕንፃው ያምራል፣ መቀመጫውም ያስፈልገን ነበር። የተለገሰውን ክምር ማን ይለየዋል፣ የሚደገመውን ማን ያወጣዋል፣ የጎደለውን ማን ያዝዛል የሚል ዘጋቢ ግን አልገጠመኝም።

ይህንን ሥራ በደንብ የሚያሳይ የእኛ ሰው አለ፤ አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ። በስደት አሜሪካ ገብተው ሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ላይብረሪ የልጆች ክፍል ውስጥ ይሠሩ ነበር። በተለያየ ቋንቋ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት ሲያስገዙ ከዝርዝሩ ላይ አንድ ነገር አጡ። በኢትዮጵያ ቋንቋ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ የለም። እሳቸው ራሳቸው ከትምህርት ቤት ውጭ የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን ያነበቡት በ19 ዓመታቸው ነው። የማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ። አገር ቤት ተመልሰው በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ላይብረሪ ከፈቱ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ላይብረሪ አስጀመሩ። በ2008 ሲኤንኤን ከዓመቱ ጀግኖች አንዱ አደረጋቸው።

የአህያዋ ፎቶ ዓለምን ዞሯል። ቢዞርም አልከፋኝም፤ ጋሪው በቀለም ያሸበረቀ፣ ልጆቹ የከበቡት፣ ለካሜራ የተመቸ ነው። ነገሩ የተጀመረው ግን ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ ሰው የግዢ ዝርዝር እየተመለከተ የሌለውን መጽሐፍ ሲፈልግ ነው። ፊልም የሚሠራ ሰው «ይሄማ ይሰለቻል፣ ማን ያየዋል?» ይል ይሆናል። እኔ አየዋለሁ፤ ቲኬትም እቆርጣለሁ።